ቅቤ የማይረጋበት ከተማ

ድሬዳዋ ያለችው ልጄ በስልክ «በረዶ ጣለ» ስትል ክው አልኩ። ያውም በጥር። ያውም ለእኛ፣ ሻንጣችንን ሸክፈን ወደ እሷ ልንሄድ ለተዘጋጀነው ለእናትና ለአባቷ። ሰው ዘመዱን አትምጣብኝ ለማለት ብዙ ሰበብ ሲፈልግ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰምቼም አላውቅ። ካልፈለገችኝስ የሚታመን ውሸት ብትዋሸኝ ምን ነበረበት?

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሸዋርጋ እባላለሁ። ነርስ ሆኜ ሮቤ ስመደብ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ጡረታም እዚሁ ወጣሁ። ባለቤቴ ክብሩም እንደኔው ከሸዋ መጥቶ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ነው የተገናኘነው። ሮቤን እወዳታለሁ። ገበያዋን፣ ጎረቤቶቼን፣ በመኸር ጊዜ የስንዴዋን ሽታ እወዳለሁ። ብርዷን ግን አልወደውም፤ እሱም አይወደኝም። ከህዳር እስከ ጥር ማለዳ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያድራል፤ ያኔ ደረቴ ይዘጋል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሳንባ ሳዳምጥ ኖሬ፣ የራሴ ሲያፏጭ ከመስማት በቀር ምንም ማድረግ አቃተኝ።

አምና በዚህ ወቅት ጎባ ሆስፒታል የሚከታተለኝ ወጣት ሐኪም ቁርጡን ነገረኝ። «እትዬ ሸዋርጋ፣ ከሰል አጠገብዎ እንዳይደርስ፤ ጭሱ ከብርዱ የባሰ ነው። በኤሌክትሪክ ልሙቅ እንዳይሉ መብራቱን ያውቁታል። የሚመጣው ህዳር እዚህ ደጋ ላይ እንዳያገኝዎት። እሳት የማያስፈልግበት ከተማ ይፈልጉ» አለኝ። ነርስ ስለሆንኩ ያልተናገረውንም ሰማሁት።

ክብሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘ። ጎህ ሲቀድ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ በረንዳው ላይ ይቆምና አንዱን የድሮ ተማሪውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ያን ያህል ዘመን ያስተማረ ሰው ተማሪ የሌለበት ከተማ የለም። ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ጎረቤት ደግሞ አጥሩ ስር ሆኖ እንሰማለን። ጥያቄው ሦስት ነው። ምን ለብሰህ አደርክ? ፊትህን በምን ውሃ ታጠብክ? እቤት ያለው ቅቤ ረግቷል ወይስ ፈሷል?

«ምን ቅቤ ቅቤ ትላለህ? በሬዲዮ የሚነገረው የሙቀት መጠን አይበቃህም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሬዲዮ ስለ ሰማይ ነው የሚነግርሽ። እኔ የምፈልገው የቤት ውስጥን ነው። ሰውማ ብጠይቀው አገሩን ላለማስቀየም ደህና ነው፣ ይሞቃል ይለኛል። ቅቤ ግን ይሉኝታ የለውም» አለኝ።

እንዲህ እያለ ከተማውን ሁሉ አወዳደረ። አዳማ ቀኑ ይሞቃል፣ የማለዳው ነፋስ ግን ለደረት አይሆንም አለ። ሐዋሳ በታኅሣሥ ቅቤው ዳር ዳሩን ይረጋል። አርባ ምንጭ ፈሳሽ ነው፤ ግን እዚያ ማን አለን? ድሬዳዋ ግን ቅቤው እንደ ውሃ ይንቆረቆራል፣ ሰዉ በአንሶላ ያድራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጃችን ሊሊ እዚያ ናት። አቤሴሎም የሚባል ነጋዴ አግብታ ድሬዳዋ ከገባች ቆይታለች። ስንነግራት «ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል አለላችሁ፣ ኑ» ብላ በደስታ አለቀሰች። ነገሩ አለቀ። ጥቅምት ሲያልቅ ልንሄድ ተቆረጠ። ክብሩ ለሮቤ ሰው ሁሉ አወራ፤ እኔም ጎረቤቶቼን መሰናበት ጀመርኩ።

ጥቅምት መጣ። አንድ ማለዳ ክብሩ እንደ ልማዱ ሊሊ ጋ ደወለና ጠየቃት።

«አባዬ፣ ዘንድሮ በርዷል» አለች።

«ቅቤው?»

«ረግቷል።»

አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ጠየቃት፣ ረግቷል። በሳምንቱም፣ ረግቷል። ክብሩ ግራ ሲገባው እዚያው ድሬዳዋ የሚኖረውን የድሮ የሥራ ባልደረባውን በለጠን ጠየቀው። በለጠ ሳቀበት። «ምን ሆነሃል፣ እዚህማ ቅቤያችን ከጣሳው እየፈሰሰ ነው» ሲለው እኔው በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ክብሩ የስልኩን ድምፅ ቀነሰና ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ ረጅም ጊዜ አወራ። ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ምነው ብለው «ብርዱ ነው» አለኝ።

እኔ ምን እንደተረዳሁ መቼም ይገባችኋል። ልጄ ሐሳቧን ቀይራለች። በሽተኛ እናት ስትመጣ ታየቻትና ደነገጠች፤ አትምጡ ለማለት ደግሞ አፏ አልደፈረም። ስለዚህ ከተማውን አበረደችው። ወልጄ፣ አጥብቼ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅቼ፣ በአንድ ጣሳ ቅቤ አባረረችኝ። ከህመሜ ይልቅ ይሄ አንጀቴን በላው።

ህዳር እንደተፈራው መጣና ሮቤ ላይ አገኘኝ። ክብሩን «ታዲያ አርባ ምንጭስ?» ስለው «እያወዳደርኩ ነው፣ ትንሽ ታገሺ» ይለኛል። ታኅሣሥም ገባ። እኔ ማታ ሦስት ትራስ ደርድሬ ተቀምጬ ነው የማድረው። እሱ ደግሞ ማለዳ ሲደውል የሰማሁት ከተማ ራሴን እንድጠራጠር አደረገኝ። ደብረ ብርሃን። ፊቼ። አሰላ። ለአንዱ ደግሞ ጎባ ይደውላል፤ ጎባማ አፍንጫችን ስር ያለች ከተማ ናት፣ ብርዷም ከእኛ የባሰ ነው። ያው ጥያቄ፣ ምን ለብሰህ አደርክ፣ ቅቤው ረግቷል ወይ። አሁን ደግሞ አንድ ጨምሯል፤ ሌሊት ዝናብ ነበር?

ሱቁ ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘው ጎረቤታችን አብዱልመሊክ ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። «አከም ቡልተን ጋሼ» ይላል በኦሮምኛ ሰላምታውን አስቀድሞ፣ «እትዬን ሊያሞቋት ነው ወይስ ሊያቀዘቅዟት? ደብረ ብርሃን ደግሞ መቼ ነው ቆላ የሆነው ወላሂ?» ክብሩ ሳይስቅ ገባ። እኔ እርጅና ነው ብዬ ፈራሁ። የአንድ ሰው ሳንባ፣ የሌላው ጭንቅላት፣ ሁለታችንም አበቃልን አልኩ።

በረዶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጥር አንድ ማለዳ ሊሊ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ሌሊት በረዶ ጥሎ ነበር አባዬ፣ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች። ድሬዳዋ! ሰው በግቢው አልጋ ዘርግቶ የሚተኛበት አገር! ከአልጋዬ ወርጄ፣ በባዶ እግሬ በረንዳው ላይ ወጥቼ ስልኩን ከክብሩ እጅ ነጠቅሁት።

«ሊሊ፣ አይዞሽ» አልኳት። «በረዶ ማዝነብ አያስፈልግሽም። አንመጣብሽም።»

ትንፋሿ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ተዘጋ። ክብሩ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እኔን አያየኝም፤ ሮቤ ሰማይ ላይ ደመና የሚፈልግ ይመስል አንጋጦ ቆሞ ነበር። እኛ ጋ ሌሊቱን ጠብ ያላለ ሰማይ ነው። ወዲያው ቁጥር መታ። ደብረ ብርሃንን ጠየቀ፣ አሰላን ጠየቀ፣ ፊቼን ጠየቀ። እኔ ገብቼ ተሸፋፈንኩ።

ከሳምንት በኋላ የሐኪም ቀጠሮዬ ደረሰ። ክብሩ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝ። «ምን አስቸኮለን፣ ሆስፒታሉ አይሸሽ» ብለው «ዛሬ ቀድመን እንሂድ» አለኝ፤ ጫማዬን ራሱ አጠለቀልኝ። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ጎባ። ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጭቷል፤ ጋሪ የሚጎትቱት ፈረሶች አፍንጫ ይጨሳል። ጎባ ስንወርድ ወደ ሆስፒታሉ መሄድ ሲገባን እጄን ይዞ ወደ ሱቆቹ መንገድ አዞረኝ። «እዚህ ግድግዳ ጋ ፀሐይዋ ቶሎ ትደርሳለች፣ ትንሽ ሙቂ» አለኝ። ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመጨቃጨቅ ትንፋሽ ስላልነበረኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሱቅ ገና መከፈቱ ነው። ከሪራ ጫካ የሚመጣ ማር በጄሪካን፣ ቅቤ በጣሳ ተደርድሯል። አንዲት ሴት በወፍራም ሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ጣሳዎቹን ወደ ውጭ ታወጣለች። ክብሩ ስልኩን አወጣና ደወለ። ልማዱ ነው ብዬ ችላ አልኩት።

ማዶ ያለችው ሴት ጣሳውን አስቀምጣ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ሰደደች። ስልክ አወጣች። ሻርፑን ከአፏ ዝቅ አደረገች።

«ደህና አደርክ አባዬ?» አለ የክብሩ ስልክ።

ከሴትዮዋ አፍ ነጭ ትንፋሽ ሲወጣ ታየኝ። መጀመሪያ አላያያዝኩትም። ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ከባሌ እጅ ሲወጣ አየሁ። ጆሮዬ ድሬዳዋን ይሰማል፣ ዓይኔ ጎባን ያያል። አገጯ የእናቴ አገጭ ነው። ግንባሯ ላይ በልጅነቷ ከደረጃ ወድቃ እኔው የሰፋሁላት ጠባሳ እንኳ ታየኝ፤ ወይም የታየኝ መሰለኝ። የክብሩን ክንድ ጨመደድኩት። እሱ አልዞረም። እሱም እሷን እያየ ነበር።

«ምን ለብሰሽ አደርሽ?» አላት።

«ሁለት ብርድ ልብስ።»

«ፊትሽንስ ታጠብሽ?»

«አልቻልኩም፤ ውሃው እጅ ይቆርጣል።»

«ቅቤው?»

ጎንበስ ብላ ፊት ለፊቷ ካለው ጣሳ ውስጥ ጣቷን ጫን አደረገች። «ረግቷል አባዬ። ድንጋይ ሆኗል።»

ክብሩ «እዚህም ረግቷል» አለ። «ቀና በይ ልጄ፣ ከመንገዱ ማዶ ነን።»

ቀና አለች። ልክ ያኔ ጆንያ የጫነ የፈረስ ጋሪ በመሃላችን አለፈ። ሲያልፍ እዚያ የማትኖር መሰለኝ። እዚያው ነበረች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ አፏን ከፍታ።

ግድግዳው ስር ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ መንገዱን ሳታይ ሮጣ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔ አላቀፍኳትም፣ አልገፋኋትምም። ደርቄ ቀረሁ። እጇን ብቻ አየሁት፤ ተሰነጣጥቋል፣ የጋብቻ ቀለበቷ የለም። የሱቁ ባለቤት ዙቤዳ የምትባል የጎባ ነጋዴ በርጩማ ይዛ ወጣች። «አብሽሩ እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ። «እኔ ለልጅዎ፣ ወደ እናትሽ ሂጂ ብዬ በአላህ ለምኛታለሁ። ነገ እሄዳለሁ ትለኛለች፣ ነገ አይመጣም።»

ሊሊ እያለቀሰች ተናገረች። ነሐሴ ላይ አቤሴሎም ሌላ ሴት ቤቱ ድረስ አምጥቶ አስገባ። መስከረም ሲያልቅ ልብሷን በአንድ ቦርሳ ይዛ ወጣች። አሳፍሮ ያመጣት መኪና ሮቤ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። «እኔ መውረድ አቃተኝ እማዬ» አለች። «አባዬ ለሰው ሁሉ ድሬዳዋ ልጄ ጋ ልሄድ ነው ብሎ አውርቷል። አንቺን የሚያሞቅሽ የኔ ቤት ነበር፤ ቤት የለኝም ብዬ እንዴት ደጃፍሽ ልቁም? ሾፌሩ እስከ ጎባ ነው ሲል ተቀምጬ ቀረሁ። አንድ ሌሊት አድሬ፣ ተረጋግቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።»

«እና ለምን በርዷል ትይኛለሽ? ለምን በረዶ ጣለ ትይኛለሽ?»

«እውነቱን እኮ ነው የነገርኳችሁ። ባሌ አባረረኝ ማለት አልወጣልኝም። ብርዱን ብነግረው ግን አባዬ ይገባዋል አልኩ። በረዶው የጣለ ቀን ሁሉንም ልናገር ነበር፤ አንቺ ስልኩን ተቀብለሽ አንመጣብሽም ስትይኝ፣ አንቺም አትምጪብኝ ያልሽኝ መሰለኝ።»

ያኔ ነው ያቀፍኳት። ሁለታችንም እስኪያመን ድረስ። ቅቤ ቅቤ ትሸታለች።

ከዚያ ወደ ክብሩ ዞርኩ። እንዴት እንደገባኝ አላውቅም፤ ደብረ ብርሃን፣ ፊቼ፣ አሰላ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቴ መጡ። «አንተ ታውቅ ነበር» አልኩት።

«ከባሏ ቤት መውጣቷን በለጠ በጥቅምት ነግሮኛል» አለ ዓይኑን መሬት ተክሎ። «የት እንደገባች ግን የሚያውቅ ጠፋ። ብርድ አገር መሆኑን ከቅቤው አወቅሁ። ከዚያ እሷ የምትነግረኝን ማለዳ ከየከተማው ማለዳ ጋር ሳስተያይ ሰነበትኩ። አንዱ ቀን ይገጥማል፣ አንዱ ቀን አይገጥምም። በረዶ ጣለ ያለችን ሌሊት በረዶ የጣለው ጎባ ብቻ ነው። እዚህ የሚያስተምረው የድሮ ተማሪዬ ፈልጎ ዙቤዳ ሱቅ አየኋት ያለኝ ከትናንት ወዲያ ነው።»

«ለኔ መንገርስ?»

«አንቺ ብታውቂ በዚህ ትንፋሽሽ አገር ለአገር ትዞሪያለሽ። እሷንስ አውቄያለሁ ብላት፣ ስልኩን ዘግታ እስከ ወዲያኛው ብትጠፋብኝስ? እስከምትነግረኝ መጠበቅ ይሻላል አልኩ።»

አራቱን ወር አስታወስኩት። ልጄ በሯን ዘጋችብኝ ብዬ ትራስ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩትን ልቅሶ እሱ አጠገቤ ተኝቶ ይሰማ ነበር። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይበቃኝ ነበር። ልሰድበው አፌን ስከፍት ሳል መጣብኝ፤ ረጅም፣ ክፉ ሳል። ሁለቱም ደግፈው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ወጣቱ ሐኪም ደረቴን አዳመጠና ፊቱን አጨፈገገ። «እትዬ፣ ህዳር እዚህ እንዳያገኝዎት ብዬ ነበር። አሁን ጥር ነው። ደረትዎ ከአምናው በጣም ተጎድቷል፤ የጠፋውን መመለስ አንችልም፣ የቀረውን ነው የምንጠብቀው። ታዲያ የትኛውን ከተማ መረጡ?»

ክብሩን አየሁት። 

«እያወዳደርኩ ነው ስትል አልነበር? አርባ ምንጭስ ምን አሉህ?» አልኩት።

«አልደወልኩም» አለ። ድምፁ ከመቅጠኑ የተነሳ ሐኪሙ እንኳ ቀና አለ። «ከጥቅምት ወዲህ አንድም ሞቃት ከተማ አልደወልኩም ሸዋዬ። ብርድ ብርዱን ብቻ ነው የጠየቅሁት።»

በዚያ ቀን ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ የመታኝ ይህ ነው። እኔ አየር ሲያጥረኝ፣ ነገ የምንሄድበትን ይነግረኛል ብዬ በየማለዳው የእሱን ስልክ ሳዳምጥ፣ ለእኔ የሚፈልግልኝ ሰው አልነበረም። ትንፋሼን ወስዶ በልጁ ለወጠው። ሊሊ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ደግሞ ስለሁለቱም አዘንኩ፣ ተናደድኩም፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለመለየት አቅም አልነበረኝም። እኔ ብሆንም እንደዚያው አደርግ ነበር። ያለጥርጥር አደርግ ነበር። ግን ብጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ይህንኑ ነገርኩት፤ ሐኪሙም ልጄም እየሰሙ። ክብሩ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ሊሊ ያን ቀን ሮቤ ላይ ወረደች። አብዱልመሊክ ከሱቁ ብቅ ብሎ አያት፤ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቦርሳዋን ተሸከመላት። ይህን ያህል ጊዜ የፈራነው የሰው ዓይን ይኸው ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ክብሩ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቁጥር ሲመታ ሰማሁ። ሊሊን ተደግፌ ወጣሁና እጄን ዘረጋሁ። ማን ጋ እንደደወለ ጠየቅሁት።

«አርባ ምንጭ» አለ።

ስልኩን ሰጠኝ። አንድ እንቅልፉን ያልጨረሰ ወንድ ድምፅ ሃሎ አለ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩትና ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ምን ለብሶ እንዳደረ ራሴ ጠየቅሁት።